የዕድርመ

ፒያሳ ቆመው «ጊዮርጊስ» ቢሉ ብዙ ሰው ዞር ይላል። ለተሳላሚው ታቦቱ ዓድዋ የዘመተው፣ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል ነው። ለታክሲ ረዳቱ መውረጃ ነው። ኳስ ለሚወደው በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አራዳ የተመሠረተው ክለብ ነው፤ ሥጋ ቤት ገብቶ ለተቀመጠው ደግሞ ቢራ ነው። «አራዳ» ራሱም አንድ አይደለም። ድሮ ገበያ ነበር፤ ጣሊያን ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስዶ መርካቶን እስኪያቋቁም ድረስ ከተማው የሚሸምተው እዚህ ነበር። ዛሬ ክፍለ ከተማ ነው። በማንኛውም ዘመን ደግሞ ነቃ ያለ የከተማ ልጅ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ተግባብተን የኖርነው ስም ብቻውን ስለማይመጣ ነው። ማን እንደጠራው፣ የት ቆሞ እንደጠራው አብሮ ይሰማል። ግራ የገባው ካለም «የትኛው ጊዮርጊስ?» ብሎ ይጠይቃል።

ኮምፒውተር እንደማይጠይቅ አውቃለሁ። ሰርቨር መጠበቅ እንጀራዬ ነው። ማወቄ ግን ያደግኩበትን ሰፈር ሰው ከማስቀየም አላዳነኝም። ነገሩን ከመጀመሪያው ላውራው።

ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰው ሲሞት የምንሰማው በጡሩንባ ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ከታች ከወንዙ በኩል ይጀምርና ቅያሱን እያቋረጠ ይወጣል። ይነፋል፣ ቆም ይላል፣ ይለፍፋል። እናቴ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ ትዝ ይለኛል። «የማን ናት?» ትላለች ለራሷ፤ «ማን ናት?» ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። የዚህ ልዩነት የገባኝ እነሆ ካደግኩ፣ ከጎለመስኩ በኋላ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ሰፈራችን ተበተነ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት ተመርቆ ገና ብዙም ሳይቆይ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ በከተማው ዳር ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ገባ፤ አንዱ ምሥራቅ፣ አንዱ ደቡብ። ዕድሩ ግን አልፈረሰም። ድንኳኑና ወንበሩ፣ ድስቱና መዝገቡ ተጭኖ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ በተከራየናት አንዲት ክፍል ተቀመጠ። ጡሩንባው ግን እዚያ ሁሉ ድረስ አይሰማም። ጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ መርዶና የቀብር ሰዓት በስልክ መልእክት ይነገር ሲል ወሰነ፤ ሥራውም በሙያዬ ለእኔ ተሰጠኝ። በደስታ ተቀበልኩ። ለሰፈሬ ልሠራ የምችለው ነገር አገኘሁ ብዬ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ ጫንኩ። ሲም ካርድ የሚገባበት ሞደም ሰካሁ። በፓይተን አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ጸሐፊያችን መርዶውን አንድ ፋይል ላይ ሲያስገቡ ፕሮግራሙ አንብቦ ለአባላቱ በሙሉ ይልካል። የፕሮግራሙን ፋይል ስም በፊደላችን አወጣሁለት፤ «የዕድርመልእክት»። ለዚህ ምክንያት ነበረኝ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ጣጣ አልረሳሁትም። እዚህ በአንዱ ፎንት የጻፉት ደብዳቤ እዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ክምር ይሆን ነበር። ዛሬ የፋይል ስም እንኳ በአማርኛ መጻፍ መቻሌ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ አሁንም ትልቅ ነገር ነው። የተቀመጠበትንም ማኅደር ያንኑ ስም ሰጠሁት። ፕሮግራሙን «ፓይተን» ብሎ ከመጥራት ይልቅ በቀጥታ በስሙ እንዲነሣ አደረግኩ። እንዲያ ካልሆነ በፓይተን የተጻፈ ሁሉ በከርነሉ፣ ማለትም በሥርዓቱ እምብርት፣ ዝርዝር ላይ «ፓይተን» ተብሎ ነው የሚመዘገበው፤ ጃቫውም «ጃቫ» ነው። በዕድሜ የገፋውን ሁሉ «ጋሼ» ብሎ እንደመጥራት ነው። አክብሮት ነው፤ ማን እንደሆነ ግን አይለይም።

ሞደም አንዳንዴ ይደነዝዛል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ስህተት ጽፎ ይወጣል። ስለዚህ «ጠባቂ» የሚባል የሼል ስክሪፕት ጨመርኩ። ክሮን የሚባለው በሰዓት የሚያስነሣ መሣሪያ በየ5 ደቂቃው ያስነሣዋል። ሥራው አንድ ነው፦ ፕሮግራሙ አለ ወይ ብሎ ማየት፣ ከሌለ ማስነሣት። የቋንቋ ቅንብሩን ዩቲኤፍ 8 ብዬ ከላይ ወሰንኩ፣ ቀጥሎ ሁላችን የምንጽፈውን መስመር ጻፍኩ፦ በሥራ ላይ ያለውን ሁሉ የሚቆጥረውን የ«ፒኤስ»ን ዝርዝር ቃል ለሚፈልገው ለ«ግሬፕ» ስጥ፣ ስሙን ካገኘ አለ በል።

ዓርብ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ወደቀ። ቅዳሜ ማለዳ ከአባሎቻችን አንዲት ሴት አረፉ። ጸሐፊው መርዶውን በሰዓቱ አስገቡ። እሑድ ተቀበሩ። ከተበተነው አባል ቀብር የደረሰው በሰው በሰው የሰማው ጥቂቱ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ከቢሮዬ ተጠርቼ ወደ ዕድሩ ክፍል ሄድኩ። በሩ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ባለ ቁልፍ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ልጄ፣ ስልኬ አልጮኸም» አሉኝ።

«እማማ፣ የኔ ጥፋት ነው።»

«ጥፋት ብዬ አልመጣሁም። አርባ ዓመት ቡና የተጣጣን ሰዎች ነን። ባለፈው ቤታችን ሲፈርስ ዕቃዬን አብራኝ የቋጠረችው እሷ ናት። አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ። እንግዲህ አልጮኸም እንዴ፣ ወይስ እኔ ነኝ ያልሰማሁት? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

አልጮኸም አልኳቸው። ከቀብር የቀረ አባል መቀጫ አለበትና ጸሐፊው ከዝርዝሩ ላይ ሰርዘውላቸው ነበር። እሳቸው ግን ስለ ብሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስልኩን ደጋግመው ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል።

ኮምፒውተሩ ላይ የጠባቂውን መዝገብ ከፈትኩ። ከዓርብ ምሽት እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ነው። በየ5 ደቂቃው አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው 720 ጊዜ «አለ» ብሎ ጽፏል። 720 መስመር። የመጨረሻው የተጻፈው እማማ በር ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው።

ያን መስመር በእጄ ደግሜ ጻፍኩትና አየሁ። ግሬፕ ወንፊት ነው። ግን ወንፊቱ ራሱ ሲሠራ አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ነው፤ የተነሣበት ትእዛዝ ደግሞ የሚፈልገውን ቃል በውስጡ ይዟል። ስለዚህ ፒኤስ ያለውን ሁሉ ሲዘረዝር ወንፊቱንም ይዘረዝረዋል፣ ወንፊቱም ራሱን ያገኛል። ይህ የቆየ ወጥመድ ነው፤ መድኃኒቱም የቆየ ነው። የመጀመሪያዋን ፊደል በቅንፍ አድርጎ «[የ]ዕድርመልእክት» ብሎ መጻፍ ነው። ወንፊቱ ቅንፉን «ከውስጡ ካሉት ፊደሎች አንዷ» ብሎ ስለሚያነብ ፕሮግራሙን ያገኛል፤ በራሱ ትእዛዝ ላይ ያለው ግን ቅንፍ ያለበት ጽሑፍ ስለሆነ ራሱን አያገኝም። ዘዴው ጥሩ ነው፣ እኔን ግን አያድነኝም ነበር። ምክንያቱም ጠባቂው የተቀመጠው በዚያው ስም በሚጠራው ማኅደር ውስጥ ነው። የጠባቂው ሙሉ መንገድ ራሱ ስሙን ይዟል። ወንፊቱን ባወጣው እንኳ ጠባቂው በየ5 ደቂቃው ተነሥቶ የሚያገኘው ራሱን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ስም ትንሽ ላውራ፤ የነገሩ ምስጢር ያለው እዚያ ነውና። ግሬፕን «አበበ»ን ፈልግ በሉት። በፈረንጆች 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠውን አበበ ቢቂላን ያመጣል። የሸዋውን አርበኛ ራስ አበበ አረጋይን ያመጣል። የሕፃናት እናት አበበች ጎበናንም ያመጣል፤ «አበበ» የሚለው «አበበች» ውስጥ ሙሉውን ተቀምጧልና። ፍለጋውን ከነአባት ስም ካሉት ደግሞ የቲያትሩን መምህር ተስፋዬ አበበን ይጨምራል። አራቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱን ሲፈልጉ ሌላውን ቢይዙ ግን ትርጉም የለውም። ፕሮሰስም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ስም አለው። አንዱ የራሱ ስም ነው፣ ከርነሉ የሚይዝለት። ሌላው ከነአባቱና ከነአያቱ የሚጠራበት ነው፤ የተነሣበት ሙሉ ትእዛዝ፣ ከነማኅደሩ፣ ከነተሰጠው ፋይል። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው ልጅን በአባቱ ስም ይቀጣል። ይህን በኋላ በደንብ አየሁት።

በማግስቱ ማክሰኞ ልጠግነው ተቀመጥኩ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ «ፒግሬፕ» የሚባል መሣሪያ አለ። መጀመሪያ ከሶላሪስ ጋር የመጣ ነው፣ ዛሬ አብዛኛው ሊኑክስ ላይ አለ። በጎ ጠባዩ ራሱን ፈጽሞ አለመቁጠሩ ነው። «ሰረዝ ኤክስ» ከጨመሩበት ደግሞ «አበበች»ን በ«አበበ» አይወስድም፤ ልክ ስሙን እንጂ ስሙ ያለበትን አይቀበልም። ጠባቂውን በዚህ ለወጥኩት። በእጄ ሞክሬ ሳላይ፣ እኩለ ቀን ከመሆኑ በፊት ልጨርስ ብዬ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አስነሣሁትና ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። ስህተት ካለ የሚጽፈውን ሁሉ ወደ ባዶ እንዲጣል አድርጌ ነበር፤ ጥፋቴ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ፒግሬፕ ችግሩን በግልጽ ይናገር ነበር፤ የሚሰማውን ጆሮ የደፈንኩት እኔ ነኝ።

6 ሰዓት ተኩል ላይ ጸሐፊው ሌላ መርዶ አስገቡ። መልእክቱ ለእያንዳንዱ አባል 13 ጊዜ ሄደ።

ምክንያቱን ማታ ነው ያገኘሁት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፊደሉን ነበር። «ዕድር» በዓይኑ ዐ ይጻፋል፣ በአልፋው አ ይጻፋል። «መልእክት»ም «መልዕክት» ይባላል። ለጆሮ ሁሉም አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያየ ነው። ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። «ኃይለሥላሴ»ን ውሰዱ። «ሃ» የሚለውን ድምፅ በ6 ዓይነት ልንጽፈው እንችላለን፣ «ሥ»ን በ2፣ «ሴ»ን በ2። 24 ዓይነት አጻጻፍ ነው፤ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው የሚጻፉበት ሲታከል 48። የዕድሩን መዝገብ ስንገለብጥ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ያገኘነው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጠባቂውን ፊደል በፊደል አነበብኩት። ትክክል ነበር።

ከዚያ የፕሮግራሙን ቁጥር ይዤ ከርነሉ ስሙን የሚያስቀምጥበትን ትንሽ ፋይል ከፈትኩ። እንዲህ ይላል፦

የዕድርመ

ይኸው ነው። «የዕድርመ»፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

የሊኑክስ ከርነል ለፕሮሰስ ስም የሚሰጠው ቦታ 16 ባይት ነው፤ የመጨረሻዋ የማብቂያ ምልክት ናትና ለስሙ የሚተርፈው 15 ነው። ላቲን ፊደል አንዱ አንድ ባይት ስለሚወስድ የፈረንጅ ስም እስከ 15 ፊደል ይይዛል። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። 15 ለ3 ሲካፈል 5። ከ9 ፊደል ስም የተረፈው 5 ነው። ቆረጣው እንኳ ንጹሕ ነው፤ ፊደል መሀል ላይ አይገባም። ለዚህም ነው ሳየው መጀመሪያ የተቆረጠ ሳይሆን ሌላ ቃል የመሰለኝ። ፒግሬፕ 9 ፊደሉን ሙሉ ይዞ ይፈልጋል፤ በከርነሉ መዝገብ ላይ እንደዚያ የሚባል የለም፤ «የለም» ይላል። ጠባቂው ያምነዋል። አንድ ቅጂ ያስነሣል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሌላ። በአንድ ሰዓት 12 ቅጂ፣ በእጄ መልሼ ካስነሣሁት ነባር ጋር 13። ሁሉም ሞደሙን ተራ በተራ እየያዙ ያንኑ መርዶ ላኩት። ትናንት የሞተውን «አለ» ሲል የነበረ ጠባቂ፣ ዛሬ ያለውን «የለም» አለ።

የዚህኛው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነበር። በመዝገባችን ላይ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ናቸው ያረፉት። የሁለተኛዋ ልጅ ዓረብ አገር ትሠራለች። የወንድሟ ልጅ መልእክቱን ፎቶ አንሥቶ ላከላት። አንዴ መጥቶ ቢሆን ምናልባት ደውላ ታጣራ ነበር፤ ደጋግሞ ሲመጣ ግን እርግጠኛ ሆነች። አሠሪዋ ፊት ወድቃ አለቀሰች። በኋላ ስትደውል ስልኩን ያነሡት እናቷ ራሳቸው ናቸው። «አለሁ የኔ ልጅ፣ አለሁ» እያሉ ሲያባብሏት የሰማ ጎረቤት ነው ይህን የነገረኝ።

የድሮው ጡሩንባ ነፊ ዛሬም አባላችን ናቸው። በዚያ ሳምንት ክፍሏ ድረስ መጥተው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። አልተቆጡኝም።

«ስንት ዓመት ነፋሁ መሰለህ?» አሉ። «አንድም ቀን ስም ብቻ ጠርቼ አላውቅም። እንዲያ ያለ ስም በሰፈሩ አምስት አለ። ‹ከወፍጮ ቤቱ ጎን የነበሩት፣ የአናጢው ባለቤት› እላለሁ። የማን እንደሆነች ከተናገርክ ስሟን ባትናገርም ይገባቸዋል።»

«ጋሼ፣ ወፍጮ ቤቱ እኮ ፈርሷል» አልኳቸው።

«ቤቱ ነው የፈረሰው» አሉኝ።

ይህን ከመስማቴ በፊት ግን ሦስተኛውን ጥፋት አጥፍቼ ነበር። ማክሰኞ ማታ፣ የተባዙትን ቅጂዎች ከቤቴ ሆኜ በርቀት ገብቼ ባስቸኳይ ለማቆም ስጣደፍ። ፒግሬፕን በእጄ ሳስነሣው፣ ያን ጊዜ፣ ስሙ ከ15 በላይ ስለሆነ ምንም እንደማያገኝ ነገረኝ፤ «ሰረዝ ኤፍ»ን ሞክር የሚል ምክርም አከለልኝ። ሰረዝ ኤፍ ማለት በራሱ ስም ሳይሆን ከነአባቱ፣ በሙሉው ትእዛዝ ፈልግ ማለት ነው። የፒግሬፕ ወንድም «ፒኪል» የሚባለው ያገኘውን ሁሉ ያቆማል። ሁለቱን አገናኘሁና ቁልፉን ተጫንኩ። ቅጂዎቹ ሁሉ ቆሙ። ማኅደሩ ስሙን የተጋራ ነውና ከዚያ ማኅደር የተከፈተ ነገር ሁሉ አብሮ ቆመ።

በዚያ ሰዓት ጸሐፊያችን ክፍሏ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከፈረሰው ሰፈር የተረፈውን የወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እያስገቡ ነበር፤ ማን በየትኛው ግቢ፣ በስንተኛው በር፣ ከማን ጎን እንደነበረ። ሁለት ሰዓት ሲጽፉ ቆይተው ገና አላስቀመጡትም። ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ የምጽፍበት መስኮት ጠፋ። የነካሁት ነገር የለም።»

እኔ ነኝ ጋሼ አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ደብተሩን ሲገልጡ የወረቀቱ ድምፅ በስልኩ ተሰማኝ። «ደግነቱ ደብተሩ አለ» አሉ፤ «ከሁለተኛው ግቢ እጀምራለሁ።» በነጋታው ሥራ ሳልገባ ሄጄ ያን ገጽ እኔ እያነበብኩላቸው ጻፉት። ያደግኩበትን ግቢ፣ የእናቴን በር፣ የጎረቤቶቻችንን በሮች በተራ በተራ አነበብኩ። ከዚያ ገጽ ውስጥ ዛሬ የቆመ በር አንድም የለም።

ፒኪልን ከመጫን በፊት በፒግሬፕ ዝርዝሩን ማየት 2 ሰከንድ አይፈጅም። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳልሰለች እናገራለሁ። ምን እንደሚገደል ሳያዩ መግደል በማሽንም ላይ ቢሆን ልክ አይደለም፤ ከማሽኑ ጀርባ የተቀመጠ ሰው አለና። በአሮጌው ሶላሪስ ላይ ደግሞ «ኪልኦል» የሚባለው ትእዛዝ ስም እንኳ አይጠይቅም፤ ያለውን ሁሉ ያቆማል። የሊኑክሱን የለመደ ሰው በስም የሚያቆም መስሎት እዚያ ቢተይበው ሙሉው ሰርቨር ይወድቅበታል።

የጡሩንባ ነፊው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። «የማን ናት» ማለታቸው። ሌሊቱን ሳስበው ጥያቄዬ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነበር። እኔ በአደባባይ ቆሜ ስም እየጠራሁ ነበር፤ ከርነሉ ግን እያንዳንዱ ፕሮሰስ የማን እንደሆነ ያውቃል። ከርነሉ ራሱ ካስነሣቸው በቀር ወላጅ የሌለው ፕሮሰስ የለም። እያንዳንዱን ያስነሣው አንድ ሌላ አለ፤ ወላጁ ቀድሞ የሞተበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 1 በሆነው ይታቀፋል። ልጅ ሲሞት ከርነሉ ለወላጁ ያረዳል። ወላጅ ልጁን ለማግኘት ስም አይጠራም፤ ቁጥሩን ከተወለደበት ቅጽበት ጀምሮ ይዞታል፣ መርዶውም በቀጥታ ለእሱ ነው የሚመጣው። ልጁ ስሙን ቢለውጥ እንኳ፣ ፕሮሰስ ስሙን መለወጥ ይችላል፣ ወላጁ አይጠፋበትም።

ቁጥሩን ብቻ ፋይል ላይ ጽፎ በኋላ መፈለግስ? ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፣ እኔም አስቤው ነበር። የፕሮሰስ ቁጥር ግን ማለቂያ አለው። በጥንቱ ልማድ 32768 ላይ ሲደርስ ከታች ይጀምራል፤ በዛሬዎቹ ማሽኖች ጣሪያው ከ4 ሚሊዮን በላይ ቢሆንም መዞሩ አልቀረም። የሞተው ፕሮሰስ ቁጥር አንድ ቀን ለሌላ ይሰጣል። የተዘጋ ስልክ ቁጥር ለሌላ ሰው እንደሚሸጠው ነው። በዚያው ሰሞን አንድ የማናውቀው ወጣት «እኔ ዕድር የለኝም፣ ነፍስ ይማር» ብሎ መልሶ ጽፎልናል፤ የአንድ ሟች አባላችን ቁጥር እሱ እጅ ገብቶ ነው። የፋይዳ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ነው። የፕሮሰስ ቁጥር ግን እንደዚያ አይደለም፤ ያለ ወላጁ ምስክርነት ሊታመን አይችልም።

ስለዚህ ጠባቂውን ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት። ፕሮግራሙን ለ«ሲስተምዲ» ሰጠሁት፤ ኡቡንቱ ላይ ቁጥር 1 እሱ ነው። ራሱ ያስነሣዋል፣ ከሱ የተወለዱትን ሁሉ በአንድ ቤተሰብ መዝገብ ይይዛቸዋል። ሲወድቅ ማንም ሳይፈልግለት ያውቃል፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ መልሶ ያነሣዋል። ለመጠባበቂያ ደግሞ ፕሮግራሙ ሲነሣ አንድ ፋይል ላይ በ«ኤፍሎክ» ቁልፍ እንዲይዝ አደረግኩ። ቁልፉን የሚይዘው ከርነሉ ነው። ሁለተኛ ቅጂ ቢመጣ በሩ ተቆልፎ ያገኘዋልና ይመለሳል። ባለ ቁልፉ ቢሞት፣ በድንገትም ቢገደል፣ ቁልፉ በዚያው ቅጽበት ይለቀቃል። ስሙንም አልቀየርኩትም። በከርነሉ መዝገብ ላይ ዛሬም «የዕድርመ» ነው፤ በስሙ የሚፈልገው ስለሌለ መቆረጡ ማንንም አይጎዳም።

በሕይወት ኖሮ ሥራ ያቆመ ፕሮግራምም አለ፤ ይህን ወላጅም አያየውም። ስለዚህ በየጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ለጸሐፊያችን ስልክ አንድ ቃል ይልካል፦ «አለሁ»። ካልመጣላቸው ይደውሉልኛል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ደውለዋል፣ ሁለቱም ጊዜ ሞደሙ ነበር።

መልእክቱንም ለወጥነው። ከስምና ከአባት ስም ቀጥሎ ሦስተኛ መስመር ገባ። ጽሑፉን ጸሐፊው ከደብተሩ እያወጡ፣ ጡሩንባ ነፊው እየጨመሩበት ለእያንዳንዱ አባል አዘጋጁት። የኔ ድርሻ መስመሩን መጨመር ብቻ ነበር።

ባለፈው ጥር አንድ አባላችን አረፉ። ቀብሩ ላይ ከሰዉ ኋላ ቆሜ ሳለ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። እማማ ናቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የመጡት። ምንም አልተናገሩም፤ ባለ ቁልፉን ስልክ ከፍተው ወደ ዓይኔ አስጠጉት። አንድ መልእክት ነበር። የሟቹ ስም፣ የአባታቸው ስም፣ ከሥሩም፦ «ከቧንቧው በላይ የነበሩት፣ የሰዓት ሠሪው አባት»።